አላርሙ ለማን ነው የሚጮኸው?

ሆሳዕና ውስጥ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳይረን ሲጮህ የሚነቃው ሰው ብዙ ነው፤ ከአልጋው የሚወርደው ግን የለም። «ያው የደቡብ አፍሪካው ቤት ነው» ብሎ አንዱ ይገላበጣል፣ ሌላው ትራሱን ጆሮው ላይ ይደፋል። መጀመሪያ የሚመልሱለት ውሾች ናቸው። የአንዱ ግቢ ውሻ ይጀምራል፣ የማዶው ይቀበለዋል፣ ከዚያ ከጎፈር ሜዳ እስከ ሴች ዱና ያለው ሁሉ ያላዝናል። ሳይረኑ በራሱ ጊዜ ዝም ይላል። «ተመስገን» ብላችሁ ዓይናችሁን ስትከድኑ እንደገና ይነሳል። ጠዋት ቡና ላይ «ማን ጋ ነበር?» ይባላል። ያየ የለም። የቤቱ ባለቤት ሲጠየቅ «ኧረ ድመት ናት!» ይላል፣ እንደ ቀላል ነገር። ሰፈር ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ አድሮ፣ ድመት ናት።

ሌባ የለም አላልኩም። አለ። የውሃ ፓምፕ ይነቀላል፣ ሲሊንደር ይሄዳል፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ብርድ ልብስ እንኳ አያድርም። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን የሚውልበትን እሁድ ጠዋት ሌባው ከእኛ በላይ ያውቀዋል። ለያሆዴ ወይም ለመሳላ በዓል ሰው ከከተማ ወደ ገጠር ቤተሰቡ ሲወርድ፣ የትኛው ግቢ ቁልፍ ብቻ እንደቀረበት አጥር ላይ በሚቀረው ጸጥታ ይለያል። አጥራችን ላይ የጠርሙስ ስባሪ የምንተክለው ተቸግረን ነው። ስለዚህ ሰው አላርም መፈለጉ አይፈረድበትም። የሰለቸን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ ራስህ ግጠመው ወይስ ባለሙያ ጥራ የሚለው ክርክር፣ ሁለቱም መንገድ የሚያመጣው ጣጣ፣ በመጨረሻም ሁለቱም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚገናኙ መሆናቸው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም ማለት የሽማግሌ ወግ ይመስላል። ይሁንና «ሌባ! ሌባ!» የሚል ድምፅ ከአንድ ግቢ ከተሰማ ሰው በለበሰው ጋቢ፣ ባገኘው ዱላ ይወጣ ነበር። የሚጮኸው ሰው ስለነበረ የማን ድምፅ እንደሆነ፣ ከየት በኩል እንደመጣ፣ ፈርቶ ይሁን ተመትቶ ይለያል። ሰፈሩ በተራ ሮንድ የሚወጣበት ጊዜ ነበር፤ ተራው ደርሶ የቀረ ሰው ጠዋት ይጠየቃል፣ ያፍራል። የአሁኑ ጩኸት የማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። አምስት ቤት አንድ ዓይነት ዕቃ ከገዛ አምስቱም አንድ ዓይነት ይጮኻሉ።

ዕቃው እንዴት እዚህ እንደደረሰ የሀዲያና የከምባታ ሰው አይጠይቅም። ከ1990ዎቹ ወዲህ ከሆሳዕና፣ ከሾኔ፣ ከዱራሜ፣ ከአንጋጫ የወጣው ልጅ በሞያሌ አድርጎ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ ገባ። መንገድ ላይ የቀረውም ብዙ ነው። የደረሰው በጆሃንስበርግና በሌሎች ከተሞች ዳርቻ ትንሽ ሱቅ ከፈተ፤ የብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆሞ ዳቦና የስልክ ካርድ ሸጠ፤ ማታ እዚያው ሱቁ ውስጥ ተኛ። በ2000 እና በ2007 ዓ.ም. በውጭ ዜጎች ላይ ጥቃት ሲነሳ ሱቁ የተዘረፈበት፣ ወንድሙ የሞተበት አለ። በዚህ ሁሉ መሃል ያጠራቀመውን ልኮ ነው ሆሳዕና ላይ ፎቁ የቆመው። እናትየው ምድር ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ፤ የላይኛው ተዘግቶ መጋረጃው ፀሐይ ይበላዋል።

እንግዲህ ይህ ልጅ ስለ ሌባ የሚያስበው እዚያ በኖረው ኑሮ ነው። እዚያ አገር ደህና ቤት ማለት አጥሩ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ መስኮቱ ላይ ብረት፣ በሩ ላይ ደግሞ «ሳይረኑ ከጮኸ የታጠቀ ሰው ይመጣል» የሚል የጥበቃ ድርጅት ታፔላ ያለበት ነው። ታፔላው ለማስፈራሪያ ብቻ የተሰቀለ አይምሰላችሁ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተመዝግበው የሚሠሩት የግል ጥበቃ ሠራተኞች ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ከአገሪቱ ፖሊስ በብዙ ይበልጣሉ። አላርሙ ሲነካ ድርጅቱ ቢሮ ሌሊቱን የሚያድር ሰው ያየዋል፣ ለባለቤቱ ይደውላል፣ ስልኩ ካልተነሳ መኪና ይልካል። ሰው በየወሩ የሚከፍለው ለዚያች መኪና ነው።

ልጁ ሳጥኑን ላከልን። መኪናዋ ጆሃንስበርግ ቀረች።

ካርቶኑ በመንገደኛ ሻንጣ፣ በሕፃን ልብስ ተጠቅልሎ ይደርሳል። ሲከፈት አንድ ነጭ ሳጥን፣ ሁለት ሪሞት፣ ለበርና ለመስኮት የሚሆኑ ጥንድ ጥንድ ማግኔቶች፣ እንቅስቃሴ የሚያውቅ ሴንሰር፣ ሳይረን፣ ከሥር ደግሞ በቻይንኛና በተሰባበረ እንግሊዝኛ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ይወጣል። ላኪው በስልክ «ቀላል ነው፣ ገመድ እንኳ የለውም፣ ራሳችሁ ለጥፉት» ይላል። የቤቱ ጎረምሳ ዩቲዩብ ከፍቶ ወንበር ላይ ይወጣል። እናትየው «እንዳትወድቅ» ይላሉ። በዚያው ቀን ማታ ሥራው ተጠናቀቀ ይባላል፣ ፎቶ ተነስቶ ይላካል፣ ምርቃት ይወርዳል።

የበሩ ማግኔት አሠራር ከባድ አይደለም። አንዱ ቁራጭ መቃኑ ላይ፣ ሌላው በሩ ላይ ይለጠፋል። በሩ ሲዘጋ ማግኔቱ በወዲያኛው ቁራጭ ውስጥ ያለችውን ቀጭን የብረት ምላስ ይስባታል፤ ሲከፈት ትለቃለች፣ ሳጥኑም ይጮኻል። ሁለቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ እንዲራራቁ አይፈለግም። ዕቃውን የሠራው ሰው ያሰበው የእንጨት ወይም የፕላስቲክ በር ነው። የኛ በር ላሜራ ነው፤ ብየዳ ቤት ተሠርቶ «ግድ የለም፣ እያደር ይገጥማል» ተብሎ የተሰቀለ። ጠዋት በብርዱ ልክ ይሆናል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲመታው ይጎብጥና ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይፈጥራል። ብረቱ ራሱ ደግሞ የማግኔቱን ጉልበት ይቀማዋል፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር የተባለው አንድም አይሞላ። ከማግኔቱ ሥር ቁራጭ ፕላስቲክ ወይም እንጨት ቢገባ ግማሹ ችግር ይቀል ነበር፤ ይህን የሚነግር ግን የለም። ሙጫውም በኖራ ቅብ ላይ ሳምንት አይከርምም፤ ከግድግዳው ጋር ሳይሆን ከቀለሙ ጋር ነው የሚጣበቀው። ክረምት ሲገባ ግድግዳው ይረጥባል፣ ማግኔቱ ከነቀለሙ ተልጦ ሌሊት መሬት ይወድቃል፣ ከዚያ ያው ሳይረን፣ ያው ውሾች።

እንቅስቃሴ የሚያውቀው ሴንሰር ይብሳል። ብዙ ሰው ካሜራ ይመስለዋል፤ ዓይን የለውም። የሚያውቀው ሙቀት ብቻ ነው፦ ከግድግዳው የሚሞቅ አንድ ነገር ፊቱን አቋርጦ ሲያልፍ ይቆጥርበታል። ሰው ይሁን ድመት፣ ፀሐይ የጠጣ መጋረጃ በነፋስ ተነስቶ ይሁን፣ ለእሱ ልዩነት የለውም። በዚህ ላይ ጎረምሳችን «ሌባው በመስኮት ነው የሚገባው» ብሎ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ይሰቅለዋል። ትክክል ይመስላል። መስኮቱ ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚገባበት፣ መጋረጃው የሚወዛወዝበት፣ ድመቷም የምትተኛበት ቦታ ነው። ከመስኮቱ ጎን ባለው ማዕዘን፣ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ፣ ወደ ክፍሉ ውስጥ ዞሮ ነው መቀመጥ ያለበት። ኮርኒስ በሌለው ቤት ከቆርቆሮ ሥር ከተሰቀለ ደግሞ የጣሪያው ትኩሳት ብቻውን ያሳብደዋል። ትንሽ ሸረሪት መስታወቱ ላይ ድር ከሠራችማ ሰፈሩ ለሰባት ቀን አይተኛም።

የሲም ካርዱን ነገር ደግሞ ስሙኝ። ሳጥኑ ውስጥ ሲም ይገባል፤ ሌባ ሲመጣ ለባለቤቱ ይደውላል፣ መልእክትም ይልካል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ ሲሙ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ስለሚኖር ካርድ መሙላት የሚያስታውሰው የለም። በዚያ ላይ ሳጥኑ መብራት በሄደ ቁጥር «መብራት ጠፍቷል»፣ በመጣ ቁጥር «መብራት መጥቷል» የሚል መልእክት እንዲልክ ተደርጎ ከፋብሪካ ወጥቷል። መብራት አልፎ አልፎ ብቻ በሚጠፋበት አገር ይህ ጠቃሚ ዜና ነው። እዚህ ግን በዓይናችን ያየነውን ጨለማ ለመንገር ሒሳቡን ይጨርሰዋል። የእውነት ሌባ የመጣ ቀን ሳጥኑ ሊደውል ይሞክራል፤ በቂ ሒሳብ የለም። ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ጥቂት ሰዓት ብትቆይ ነው፤ ሌባው ደግሞ መብራት ሲኖር አይመጣም።

እዚህ ላይ ሁሌ አንድ ሰው ጣቱን ያነሳል፦ «ባለሙያ ብትጠሩ ኖሮ!» እሺ፣ ባለሙያ ጠራን።

ሱቁ ደጃፍ ላይ «ዲሽ፣ ካሜራ፣ አላርም፣ ሶላር» ይላል። አንድ ሰው ነው። ትናንት ዲሽ ያዞርልን የነበረው ነው፤ ይህን የምለው ለማናናቅ አይደለም፣ ከእነሱ መሃል ቴክኒክና ሙያ ተምረው የወጡ፣ እጃቸው ወርቅ የሆነ ልጆች አሉ። መሰላል፣ ድሪልና አንድ ረዳት ይዞ በባጃጅ ይመጣል። «አባቴ፣ አያስቡ፣ ይሄ ለኛ ምንም አይደለም» ይላል። እውነትም ሥራው ከጎረምሳው ሥራ ይለያል፦ ሴንሰሩን ማዕዘን ላይ ያስገባዋል፣ ማግኔቱን በብሎን ያስረዋል፣ ገመዱን በኮርኒስ ውስጥ ይስባል፣ ባለ12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ያገባል፣ እሱም መብራት ቢሄድ ሌሊቱን ያሳድራል። ረዳቱ ኮርኒሱን ረግጦ አንድ ቦታ መቅደዱን አንቆጥርበትም። ሳይረኑን አንድ ጊዜ አስጩኾ ያሳያል፣ ሕፃናቱ ይስቃሉ፣ ሒሳቡን ይቀበላል፣ ይሄዳል።

መሄዱን ነው የማማርረው። አላርም ተገጥሞ የሚያልቅ ሥራ ይመስለዋል። የእህቴ ቤት አላርም በተገጠመ በሳምንቱ ሌሊት ጮኸ፤ የማንም ስልክ አልጠራም። በኋላ ሲጣራ ሳጥኑ ውስጥ በመጀመሪያ ተራ የተመዘገበው ቁጥር የገጣሚው የራሱ ነው። ሲሞክር አስገብቶት፣ ሳያወጣው ቀረ። ሁለተኛ ቁጥር አላስገባም። እሱ ያን ሌሊት ለሌላ ሥራ ዱራሜ ነበር፣ ስልኩን ዘግቶ ተኝቷል። የእህቴ ቤት ሌባ ሲገባበት ሳጥኑ በታማኝነት ለዱራሜ ሲደውል አደረ። ጠዋት ሲጠየቅ «ሃይ ሃይ፣ እሱን እኮ በስልክም ላስተካክለው እችላለሁ» አለ። ከየት? እንዴት? የይለፍ ቃሉን ያለ እሱ የሚያውቀው የለማ! ቃሉም ቢሆን ፋብሪካው ያወጣው፣ ለዓለም ሁሉ አንድ የሆነው፣ 1234 ነው።

ይህቺ ነገር ደግሞ ሌላ ስጋት ታመጣለች፣ ሰው ጮክ ብሎ አይናገራትም እንጂ። ባለሙያው ቤታችንን ከእኛ በላይ ያውቀዋል። የትኛው መስኮት ሴንሰር እንደሌለው፣ የትኛው ክፍል ቁም ሳጥን እንዳለበት፣ ማን መቼ እንደማይኖር። ካሜራም ከገጠመ ስልኩ ላይ ሳሎናችን አለ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ረዳቱስ? ከረዳቱ ጋር ስልክ የሚቀያየረውስ? አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ሐሳብ ጫፋቸውም አይደርስም። ቢሆንም ቁልፉን ለሰው ሰጥቶ በሩን መዝጋት ምን ይሉታል።

ሲበላሽም የመጀመሪያው አይገኝም። ስልኩ «ነገ እመጣለሁ» ይላል፣ ነገ ሺንሺቾ ነው፣ ከነገ ወዲያ ሾኔ ነው። ሁለተኛ ባለሙያ ይጠራል። ሁለተኛው ገና ከበር ሳይገባ ሳጥኑን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል፦ «ይሄን ማነው እንዲህ አድርጎ የሠራው?» በዓለም ላይ የሌላውን ሥራ ያመሰገነ ገጣሚ እኔ አላየሁም። የቀደመው የሳበውን ገመድ ይጎትተዋል፣ ሌላ ይስባል፣ የቀደመው የገዛውን ባትሪ «የሞተ ነው» ብሎ ይዞት ይሄዳል፣ አዲስ ያስገዛል። ባትሪው መሞቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ባትሪ ባዶውን ሲሰነብት ይሞታል፣ መብራት ደጋግሞ ለረጅም ሰዓት በሚጠፋበት ከተማ ዕድሜው ያጥራል። ሁለት ጊዜ የከፈልነው ግን እኛ ነን።

ክፍያውም እንደ ድሮው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 አልፎ ሄዷል። ሴንሰሩ፣ ሳይረኑ፣ ባትሪው፣ ገመዱ፣ ሁሉም ከውጭ የሚገባ ነው። ስለዚህ ትናንት «ውድ ነው፣ ራሴ ልግጠም» ያለው ሰው ዛሬ ዕቃውን ራሱን መግዛት አቅቶት ሳጥኑን ብቻ፣ ባዶውን፣ ውጭ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ሌባን ያስፈራል ብሎ ነው። እውነቱን ለመናገር ከአንዳንዱ ከሚሠራው ይሻላል፤ ቢያንስ ሌሊት አይጮኽም።

ከሁሉም የሚያስቀኝ የፎቁ ቤት እናት ነገር ነው። እንደ ብዙዎቹ የአካባቢያችን እናቶች ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ለጸሎት ይነሳሉ። ሪሞቱን አንገታቸው ላይ ከቤቱ ቁልፍ ጋር አስረውላቸዋል፤ ቀዩ ምን፣ አረንጓዴው ምን እንደሆነ ግን ደጋግሞ ያስረዳቸው የለም። መኝታ ቤታቸውን ከፍተው ሳሎን ሲገቡ ሴንሰሩ ይይዛቸዋል። ጆሃንስበርግ ስልክ ይጠራል። እዚያ ገና አሥር ሰዓት ነው። ልጁ በድንጋጤ ይደውላል፦

«እማዬ! ሌባ ገብቷል! አትውጪ!»

«ሌባዋ እኔ ነኝ፣ ልጄ። ልጸልይ ተነስቼ ነው። ደህና አደርክ ወይ?»

ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከፉም። ልጃቸው በየሌሊቱ ይደውላል። እንዲያውም አንዳንዴ ሆን ብለው የሚያልፉት ይመስለኛል።

ፈረንጆቹም ከዚህ ጣጣ አላመለጡም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቤት አላርም በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ሰው በሆነው በኦገስተስ ፖፕ ስም የፈጠራ መብት ያገኘው በ1853 እ.ኤ.አ. ነው፤ መብቱን ኤድዊን ሆልምስ ገዝቶት ወደ ንግድ አወጣው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ኒው ዮርክ ክዊንስ ውስጥ የምትኖር ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን የምትባል ጥቁር ነርስ፣ ሰፈሯ ውስጥ ለሚጠራ ሰው ፖሊስ ቶሎ ስለማይደርስ፣ ከኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ባሏ ጋር ሆና በሩ ላይ በቴሌቪዥን የሚያሳይ ካሜራ፣ ከውጭ ካለው ሰው ጋር የሚያነጋግር መሣሪያና ፖሊስ የሚጠራ ቁልፍ ያለው ሥርዓት ሠራች። የመብቱ ወረቀት የወጣው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛ ክርክር በባልና ሚስቱ ቤት አልነበረም፤ የሚቸገረውና የሚገጥመው አንድ ቤት ውስጥ ይኖሩ ነበር፣ ቁልፉም ማን ዘንድ እንደሚደርስ አስቀድመው አስበውበታል።

የሐሰት ጩኸቱን በተመለከተም ቢሆን አሜሪካ የእኛው ጎረቤት ናት። ለፖሊስ ከሚደርሰው የአላርም ጥሪ ከመቶ ከ90 በላዩ ውሸት ሆኖ ሲገኝ ኖሯል። ሶልት ሌክ ሲቲ የተባለች ከተማ ፖሊሶች ሰልችቷቸው በ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ «አንድ ሰው በዓይኑ አይቶ ካላረጋገጠ አንመጣም» አሉ። እኛም ሰፈር ውስጥ ያለ ስብሰባ፣ ያለ ቃለ ጉባኤ፣ ይህንኑ ወስነናል። ልዩነቱ እነሱ ዘንድ ሄዶ የሚያይ የጥበቃ ድርጅት መኖሩ ነው። እኛ ዘንድ ሄዶ የሚያየው ከዱሮም ጎረቤት ነበር፣ እሱን ነው ያሰለቸነው።

አሁን ማን ይመጣል? ፖሊስ ይመጣ ይሆናል፣ የሚደውልለት ካለና መንገዱ ጭቃ ካልሆነ። የግቢው ዘበኛ ካለ እሱ ይወጣል፤ ዘበኛ ያለው ቤት ደግሞ አላርሙን የገዛው ዘበኛውን ለመቀነስ ብሎ ነበር። የሚቀረው ከአጥር ወዲያ የተኛው ሰው ነው፣ ትራሱን ጆሮው ላይ የደፋው። ሳይረን ማለት እሱን የመጥሪያ መንገድ ነው፣ ሌላ የሚጠራው የለውም። ማግኔቱን ባለሙያ ይስቀለው ጎረምሳ፣ ይህን ሰው ሃያ ጊዜ በከንቱ ካስነሳህ ሃያ አንደኛው ላይ አይነሳም። እኔም አልነሳም፤ አላፍርበትም።

ወደ ጥያቄው ስመለስ ሐሳቤን እነግራችኋለሁ፤ አልስማማም የሚል አለ፣ ይሁን። ገመድ አልባውን፣ ሁለት በርና አንድ ሳሎን ብቻ የሚጠብቀውን፣ ራሳችሁ ግጠሙት። ላሜራ በር ላይ ከማግኔቱ ሥር ፕላስቲክ አስገቡ፣ ሙጫውን ትታችሁ በብሎን እሰሩት፣ ሴንሰሩን ከመስኮት ፊት አንሱት፣ የመብራቱን መልእክት አጥፉት። ከመብራት መስመር ጋር የሚገናኝ፣ በኮርኒስ የሚሄድ፣ ካሜራ ያለበት ከሆነ ግን ባለሙያ ጥሩ፤ 220 ቮልት ዩቲዩብ አይቶ የሚነካ አይደለም። ባለሙያውን ስትጠሩ ግን ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ቆጣሪውን አጥፍታችሁ አስጩኹት፤ መብራት በሌለበት ካልጮኸ ሌባም በሌለበት ብቻ ነው የሚጮኸው። ስልክ ቁጥሮቹን በራሳችሁ እጅ አስገቡ፣ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ፣ ለእናታችሁም የሪሞቱን ቀለም ቁጭ ብላችሁ አስተምሩ።

ገጣሚዎች ሆይ፣ እናንተም። የምትገጥሙት ዕቃ ነገ ሊበላሽ ይችላል፤ እሱን ማንም አይፈርድባችሁም። ስትወጡ ቁጥራችሁን ከሳጥኑ ውስጥ ማውጣት ግን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አላርም ያላችሁ ጎረቤቶቼ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ለያሆዴ ወደ አገር ቤት ከመውረዳችሁ በፊት ለአጥር ጎረቤታችሁ ትርፉን ሪሞትና የምትነሳ ስልክ ቁጥር ስጡት። ዕቃው ከሁለት ሪሞት ጋር ነው የሚመጣው፣ አንዱ ያለ ሥራ መሳቢያ ውስጥ ነው።